የልጆች ጂምናስቲክ፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

እዚህ አሜሪካ ልጆቻቸውን ሰፈራቸው ወዳለ የጂምናስቲክ ክለብ የሚልኩ ሐበሻ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከበዱት እሄዳለሁ።

ልጄ በስንት ዓመቷ ብትጀምር ይሻላል?

ብዙ ክለቦች ገና ድክ ድክ ለሚሉ ሕፃናት ከእናት ወይም ከአባት ጋር የሚሠሩበት ክፍል አላቸው። ያ በአብዛኛው ጨዋታ ነው። ልጆች ብቻቸውን ክፍል የሚገቡት ብዙውን ጊዜ ከ3 ወይም ከ4 ዓመታቸው ጀምሮ ነው። ከዕድሜዋ ይልቅ የምታዩት ተራ መጠበቅና የአሠልጣኝ ቃል መስማት መቻሏን ነው።

የ8 እና የ9 ዓመት ልጅ ያላቸው ደግሞ «ዘገየን እንዴ?» ይላሉ። አልዘገያችሁም። እርግጥ የኦሎምፒክ ሻምፒዮኖቹ ሲሞን ባይልስም ሆነች እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደችው ዶሚኒክ ዶውስ በ6 ዓመታቸው ነው የጀመሩት። ግን ለኦሎምፒክ የሚዘጋጀው ከስንት ሺህ አንድ ነው። ለጥንካሬ፣ ለጓደኝነት፣ ለሰፈር ውድድር 9 ዓመት በቂ ነው። እንዲያውም ከፍ ያሉ ልጆች የሚባሉት ቶሎ ስለሚገባቸው የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ከትንንሾቹ ፈጥነው ሲያልፉ አይቻለሁ።

ክፍል ውስጥ ምንድነው የሚማሩት?

ሴቶች በ4 መሣሪያ ይሠራሉ፦ ቮልት (ሮጦ የሚዘለልበት)፣ ባር (የሚንጠለጠሉበት ዘንግ)፣ ቢም እና ፍሎር (ወለል ላይ የሚሠራ)። ወንዶች 6 አላቸው፦ ፍሎር፣ ፖሜል ሆርስ (ሁለት እጀታ ያለው መሣሪያ)፣ ቀለበት፣ ቮልት፣ ፓራለል ባር እና ሃይ ባር። ቢም ማለት ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በትልልቆቹ ውድድር ከመሬት 1 ሜትር ከ25 የሚርቅ ረጅም አግዳሚ ነው። አትደንግጡ፤ ጀማሪዎች መሬት ላይ በተቀመጠ ዝቅተኛ ቢም ነው የሚለማመዱት።

በመጀመሪያው ዓመት ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንከባለል፣ በእጅ መቆም፣ ድልድይ መሥራት፣ ካርትዊል (በእጅ ተደግፎ ወደ ጎን መገልበጥ)፣ ባር ላይ ክንድን ቀጥ አድርጎ ሰውነትን መሸከም ይማራሉ። እንዴት እንደሚወደቅም ይማራሉ፤ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። አገር ቤት ሰርከስ እያዩ ላደጉ ወላጆች ብዙው እንቅስቃሴ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ አሠልጣኙ የሚያየው ነገር ላይ ነው። እዚህ ልጅቷ መገልበጧ ብቻ አይበቃም። ጉልበቷ ቀጥ ብሏል ወይ? የእግር ጣቷ ተዘርግቷል ወይ? አሠልጣኞች ቀኑን ሙሉ የሚደጋግሙት ይህንን ነው።

ምን ለብሳ ትሂድ? ሹሩባዋና ማተቧስ?

ለጀማሪ ሰውነት ላይ ልክክ የሚል ልብስ በቂ ነው፤ ሰፊ ቲሸርት ሲገለበጡ ፊት ላይ ይወርዳል። ሊዮታርድ የሚባለው የጂምናስቲክ ልብስ የግድ የሚሆነው ቲም፣ ማለትም የክለቡ የውድድር ቡድን ውስጥ ስትገባ ነው። እግሯ መጋለጡ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ከላይ ቁምጣ ወይም ሌጊንስ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ክለቡን ጠይቁ። የጀርመን ቡድን በቶኪዮ ኦሎምፒክ እስከ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ሙሉ ልብስ ተወዳድሯል፤ ስለዚህ ጥያቄያችሁ ለማንም እንግዳ አይሆንም።

ሹሩባ በጣም ጥሩ ነው፤ ጫፉ ግን ተሰብስቦ ይታሰር። ጨሌና ብረት የገባበት ጌጥ ይውለቅ፤ በእጅ ስትቆምና ስትንከባለል ራሷን ይወጋታል። ማተብ ላይ ቀድማችሁ አስቡበት። አንገት ላይ ያለ ማንኛውም ክር ወይም ሐብል ባር ላይ ሊጠልፍ ስለሚችል አሠልጣኞች እንዲወልቅ ይጠይቃሉ። ልጅቷ በሰው ፊት «አውልቂ» ተብላ ከምትሸማቀቅ፣ እናንተ አስቀድማችሁ ከአሠልጣኙም ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተነጋገሩና ለሥልጠና ሰዓት ምን እንደምታደርግ ቤት ውስጥ ጨርሱት።

ሌቭል 3፣ ኤክሴል ጎልድ የሚሉት ምንድነው?

የአሜሪካ ጂምናስቲክ ማኅበር ለሴቶች ከሌቭል 1 እስከ 10 የሚሄድ መሰላል አለው። ከ1 እስከ 5 በየሌቭሉ ያሉት ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ነው የሚሠሩት፤ ፍሎር ላይ ሙዚቃውም አንድ ነው። ከ6 ጀምሮ እያንዳንዷ የራሷ ሩቲን (ተያይዞ የሚቀርብ የእንቅስቃሴ ቅንብር) ይዘጋጅላታል። ከ10 በላይ ኤሊት ይባላል፤ በቴሌቪዥን የምታዩዋቸው እነሱ ናቸው።

ኤክሴል ሌላ መንገድ ነው። ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም፣ ዳይመንድ፣ ሳፋየር እያለ ይሄዳል። እነዚህ የምድብ ስሞች እንጂ ሜዳልያ አይደሉም። አክስቶች «ልጃችን ወርቅ ሆነች» ብለው እልል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ደስታው ደስ ይላል፣ ግን ምድቧ ነው። ኤክሴል ብዙውን ጊዜ በሳምንት ያነሰ ሰዓት ይወስዳል፤ ልጅቷ በምትችለው ላይ ተመሥርቶ ይሠራላታል። ዝቅ ያለ ነው የሚባለው ስህተት ነው። ትምህርት ቤትን፣ ቤተ ክርስቲያንን ወይም መስጊድን፣ የእሑድ አማርኛ ትምህርትን ሁሉ ለሚያስኬድ ቤተሰብ የተሻለ ምርጫ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ክለቦች ለመዝናኛ ክፍሎቻቸው የራሳቸውን ደረጃ ያወጣሉ። በሳምንት አንድ ሰዓት የምትማር ልጅ «ሌቭል 2 ነኝ» ስትል የክለቡን እንጂ የማኅበሩን ሌቭል ላይሆን ይችላል።

አንድ ዓመት ሙሉ ከፈልን፣ አሁንም ካርትዊል አትችልም። ችግር አለ?

ብዙውን ጊዜ የለም። በሳምንት አንድ ሰዓት ማለት ክፍሉ ውስጥ 8 ልጆች ካሉ፣ ተራ ሲጠበቅ፣ መሣሪያ ሲቀያየር፣ ልጃችሁ በትክክል የምትንቀሳቀስበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ 4 መሣሪያ አካፍሉት። ዓመቱ በወረቀት ላይ ረጅም ይመስላል እንጂ በሰውነቷ ላይ አጭር ነው።

ጂምናስቲክ ውስጥ ዕድገት ለረጅም ጊዜ ሳይታይ ይቆይና በአንድ ቀን ይወጣል። ባር ላይ ኪፕ የሚባል እንቅስቃሴ አለ፤ ልጅቷ ተንጠልጥላ ትወዛወዝና ሰውነቷን ከባሩ በላይ ታወጣለች። ይህን ለማግኘት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጅባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። በእነዚያ ወራት ውስጥ ከውጭ ሲታይ ምንም የለም። ውስጡ ግን ሆዷ እየጠነከረ፣ ትከሻዋ እየተከፈተ፣ ሰዓቱን እየለየች ነው። ስለዚህ «ምን አዲስ ቻልሽ?» ከምትሉ ሌሎች ነገሮችን እዩ። በእጅ ስትቆም ከበፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ ትቆያለች? ጉልበቷ ቀጥ ይላል? ከቢም ስትወርድ በሁለት እግሯ ታርፋለች? አሠልጣኙ ያረማትን በሚቀጥለው ተራዋ ትሞክረዋለች? የመጨረሻዋ ለእኔ ከሁሉም ትበልጣለች።

ከሌላ ልጅ ጋር አታወዳድሯት። የጎረቤት ልጅ በሦስት ወር ቻለች ማለት ስለ እናንተ ልጅ ምንም አይናገርም። በየሦስት ወሩ በስልካችሁ አንድ አጭር ቪዲዮ ያዙ፤ ክለቡ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሌሎች ልጆች እንዳይገቡበት እየተጠነቀቃችሁ። የድሮውንና የአሁኑን አብራችሁ ስታዩ እሷ ራሷ ትገረማለች። በርግጥ ዓመት አልፎ ከነዚህ በአንዱም ለውጥ ካላያችሁ፣ ወይም ክፍሉ ውስጥ ግማሹን ሰዓት ቁጭ ብላ የምታሳልፍ ከሆነ፣ አሠልጣኙን ማነጋገር ተገቢ ነው።

ቤት ውስጥ ብትለማመድ ቶሎ አትችልም?

አንዳንዱን አዎ። ግድግዳ ተደግፋ በእጅ መቆም፣ ድልድይ፣ እግር መክፈት፣ ጀርባዋ ተኝታ እጅና እግሯን ከመሬት ትንሽ አንስታ መቆየት፤ እነዚህ በቀን 10 ደቂቃ በቂ ናቸው። አፓርታማ ከሆነ ከታች ያሉትን ጎረቤቶችም አስቡ።

ወደ ኋላ መገልበጥን፣ በተለይ ባክ ሃንድስፕሪንግን (ወደ ኋላ ዘሎ በእጅ ተደግፎ መገልበጥን)፣ ሶፋ ላይም አልጋ ላይም አታስሞክሯት። ከዩቲዩብ አይታ የተማረችውን ስህተት ለማስለቀቅ አሠልጣኙ ወራት ይፈጅበታል፤ አንገቷም አደጋ ላይ ነው። ጓሮ ውስጥ የሚቀመጥ ትራምፖሊንንም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ አይመክርም።

9.2 አገኘች። ጥሩ ነው?

ጥሩ ነው። በሌቭሎቹ ውድድር ላይ ነጥብ ከ10 ነው፤ ዳኞች ስህተት ባዩ ቁጥር ይቀንሳሉ። ጉልበት ከታጠፈ እስከ 0.3፣ ስታርፍ ትንሽ ከተራመደች እስከ 0.1፣ ከወደቀች 0.5 ይሄዳል። ስለዚህ 8.7 ያገኘች ልጅ አንድ ጊዜ ወድቃ የቀረውን አሳምራ የሠራች ልትሆን ትችላለች። የ4ቱ መሣሪያ ድምር ከ40 ይታሰባል።

በኦሎምፒክ የምታዩት 14 እና 15 ሌላ ስሌት ነው። የሩማንያዋ ናዲያ ኮማነቺ በ1976 ሞንትሪያል ላይ 10 ስታገኝ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሰሌዳው ለ10 ስላልተዘጋጀ 1.00 ብሎ ነው ያሳየው። ከ2006 ወዲህ ግን በዓለም አቀፍ ውድድር የክብደት ነጥብና የአሠራር ነጥብ ተለይተው ይደመራሉ። የልጃችሁን 9 ከዚያ ጋር አታነጻጽሩት። ከዳኛ ዳኛም ልዩነት አለ፤ በአንዱ ቅዳሜ 9.4፣ በሌላው 8.9 ለዚያው ሥራ ሊሰጥ ይችላል። እኔ ውጤት የምመዝነው ከአንድ ውድድር ሳይሆን ከወቅቱ መጀመሪያና መጨረሻ ነው።

ሁሉም ልጅ ሜዳልያ ያገኛል እንዴ?

በዝቅተኛ ሌቭሎች ብዙ ልጆች ያገኛሉ፤ ምክንያቱም ልጆቹ በዕድሜ በትንንሽ ቡድን ተከፍለው ነው የሚሸለሙት። ይህ ግን ሽልማቱን ውሸት አያደርገውም። የ7 ዓመት ልጅ ዳኞች ፊት ብቻዋን ወጥታ፣ እጇን አንስታ ሰላምታ ሰጥታ፣ ሩቲኗን ሳትረሳ ጨርሳለች። አያቷ ጋ ደውላችሁ ንገሩላት። ሌቭሉ ከፍ ሲል ሜዳልያው ይቀንሳል፤ ያኔ እንዳትደነግጥ ከአሁኑ የምታመሰግኗት በሠራችው ይሁን። «አንደኛ ወጣሽ» ከማለት «ቢም ላይ ተንገዳግደሽ አልወረድሽም» ማለት ብዙ ይቆይላታል።

ጓደኞቿ አለፉ፣ እሷ ሌቭሉን ደገመች። ቅጣት ነው?

አይደለም። በትምህርት ቤት ክፍል መድገም አገራችን ውስጥ ውርደት ሆኖ ስለምናየው ቃሉ ራሱ ያመናል። ጂምናስቲክ ውስጥ ግን አንድ ሌቭል ላይ ሁለት ዓመት መቆየት የተለመደ ነው። ከፍ ያለው ሌቭል የሚጠይቀው ሁሉንም መሣሪያ ነው። ፍሎር ላይ ጎበዝ ሆና ባር ላይ ኪፕ ከሌላት ማለፍ አትችልም፤ ብትገፋም በየውድድሩ ትወድቃለች። ከምንም በላይ ያልተዘጋጀ ሰውነት ነው የሚጎዳው።

ውሳኔውን ከመቃወማችሁ በፊት አሠልጣኙን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የትኛው እንቅስቃሴ ነው የጎደላት? በዚህ ዓመት እንዴት ነው የምትሠሩበት? መቼ ደግመን እንነጋገር? ጥያቄውን በኢሜይል አድርጉት፤ በሥልጠና መሐል አሠልጣኝ ማስቆም ለማንም አይጠቅምም። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚያስተረጉም ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጅቷን ራሷን ስለ ራሷ አታስተርጉሟት።

ትችለው የነበረውን እንቅስቃሴ በድንገት እምቢ አለች። ምን ሆና ነው?

ይህን የሚጠይቁ ወላጆች ድምፃቸው ላይ ጭንቀት ይሰማል። ልጅቷ ለወራት ስትሠራው የነበረውን ባክ ሃንድስፕሪንግ አንድ ቀን አልሠራም ብላ ቆማ ታለቅሳለች። ስንፍና አይደለም፣ ግትርነትም አይደለም። አሠልጣኞች ሜንታል ብሎክ ይሉታል፤ ወደ ኋላ በሚኬድባቸው እንቅስቃሴዎች ላይ በጣም የተለመደ ነው። አንዳንዴ መነሻው መውደቅ ነው፤ የራሷ ወይም ያየችው የጓደኛዋ። አንዳንዴ ቁመቷ በፍጥነት ጨምሮ ሰውነቷ የለመደው ሚዛን ተቀይሯል። አንዳንዴ እንቅልፍ ማጣት ወይም የትምህርት ቤት ጭንቀት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ምክንያት አይገኝለትም።

ሲሞን ባይልስ ቶኪዮ ላይ የገጠማት ከዚህ የከፋ ነበር። ቮልት ላይ አየር ውስጥ ሆና የት እንዳለች ጠፋባትና ከቡድን ፍጻሜው ወጣች። ብዙ ሰው ፈረደባት። እሷ ግን አካሏን አዳመጠች፤ በዚያው ኦሎምፒክ ቢም ላይ ነሐስ ወሰደች፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ተመልሳ 3 ወርቅና 1 ብር አገኘች። ለልጃችሁ ይህን ንገሯት። የዓለም ምርጧ ከፈራች እሷም መፍራት ትችላለች።

ወላጅ ማድረግ የሌለበት አለ። ገንዘብ ወይም ስልክ «ከሠራሽ እገዛልሻለሁ» አትበሉ። መኪና ውስጥ እንደገባች «ዛሬስ ሠራሽው?» አትበሉ። «ምን ያስፈራል» አትበሉ። አሠልጣኙ ወደ ኋላ ይመልሳታል፦ ከተዳፋት ፍራሽ ላይ፣ በእጁ ደግፎ፣ በትንሽ በትንሹ። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ወራትም። የእናንተ ሥራ ምሳ መቋጠር፣ መላክ፣ መቀበልና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ነው። አሠልጣኙ ራሱ እየጮኸ የሚያስገድዳት ከሆነ ግን ችግሩ ከልጅቷ ጋር አይደለም።

ጂምናስቲክ ቁመት ይገታል ይባላል። እውነት ነው?

ሻምፒዮኖቹ አጫጭር ስለሆኑ ነው የሚባለው። ግን አጭር ሰውነት ለመገልበጥ ስለሚመች አጫጭሮቹ ስፖርቱ ውስጥ ይቆያሉ፤ ረጃጅሞቹ ወደ ሌላ ይሄዳሉ። በ2013 የወጣ የባለሙያዎች ግምገማ ከባድ ሥልጠና የአዋቂነት ቁመትን እንደማይቀንስ ደምድሟል። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለምትሠራ ልጅ ጭራሽ አሳሳቢ አይደለም።

በእውነት ልትከታተሉት የሚገባው ሕመም ነው። የእጅ አንጓ፣ ተረከዝና ጉልበት በማደግ ላይ ያለው አጥንታቸው ስስ ነው። በሥልጠና የሚብስና በእረፍት የማይጠፋ ሕመም ካለ ሐኪም ጋ ውሰዷት። በ15 ዓመቷም የወር አበባዋ ካልጀመረ እንዲሁ። በቂ ሳይበሉ ብዙ መሥራት ነው ሰውነትን የሚጎዳው።

በጾም ወቅት ሥልጠና ታቁም?

ማቆም አይኖርባትም፤ መታቀድ ግን አለበት። ጠዋት ቁርስ ሳትበላ፣ ትምህርት ቤት ውላ፣ አመሻሽ ላይ ባር ላይ የምትንጠለጠል ልጅ ሊያዞራት ይችላል፤ ከባር ላይ መውደቅ ደግሞ ቀላል አይደለም። ስለ ልጆች ጾም የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ለሕፃናት ማቅለል እንግዳ ነገር አይደለም። ከጾመችም ከሥልጠና በፊት የሚበላ አዘጋጁ፦ በሶ፣ ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር፣ ሙዝ፣ ሽሮ በእንጀራ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለሳምንታት ሲቀር ምስርና ሽምብራ ይብዛ፤ ስለ ብረትና ስለ ቢ12 ሐኪሟን ጠይቁ። ሮመዳን ላይ ለሚጾሙ ታዳጊዎች ደግሞ ውኃ ሳይጠጡ ከባድ ሥልጠና ስለሚሆን አሠልጣኙ ቀድሞ አውቆ እንዲያቀልላቸው ያስፈልጋል። አሠልጣኞች ስለ ጾማችን ላያውቁ ይችላሉ፤ ካልነገራችኋቸው ልጅቷ ደከመች እንጂ ጾማለች አይሉም።

ወጪው እየበዛ ነው። ወደፊት ስኮላርሺፕ ያመጣልን ይሆን?

በዚህ ተስፋ ላይ አትክፈሉ። በዩኒቨርሲቲ ጂምናስቲክ ነፃ ትምህርት የሚያገኙት በአብዛኛው ሌቭል 10 የደረሱ ሴቶች ናቸው፤ ሌቭል 10 የሚደርሱት ጥቂት፣ ከእነሱም የሚመረጡት ጥቂት ናቸው። ለወንዶች ደግሞ ቡድን ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በጣም ያንሳሉ።

ቲም ከመግባቷ በፊት የወር ክፍያውን ብቻ አትጠይቁ። የአባልነት፣ የውድድር መግቢያ፣ የሊዮታርድ፣ የአሠልጣኝ ጉዞና የሆቴል ወጪ ተደምሮ በዓመት ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ ይስጧችሁ። ከበዛ የካውንቲ ፕሮግራሞችን እዩ። አንዳንድ ካውንቲዎች በስፖርት ማዕከላቸው ውስጥ ራሳቸው ጂምናስቲክ ያስተምራሉ። ብዙ ካውንቲዎች ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች ቅናሽ አላቸው፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

ክለቡ ለልጄ ደኅና ቦታ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

እኛ አስተማሪን አክብረን ነው ያደግነው። «አሠልጣኙ ያውቃል» ብለን ዝም እንላለን። እዚህ ላይ ግን ዝም አትበሉ። የብሔራዊ ቡድኑ ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር በብዙ ልጆች ላይ ለዓመታት ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሞ በጃንዋሪ 2018 ከ40 እስከ 175 ዓመት እስር ተፈርዶበታል። በችሎቱ ላይ የ150 እና ከዚያ በላይ ሴቶች ቃል ተሰምቷል። አንዳንዶቹ ቀድመው ተናግረው የሚሰማቸው አጥተው ነበር። ከ2017 ጀምሮ ሴፍስፖርት የሚባል ራሱን የቻለ ማዕከል አቤቱታ ይቀበላል።

ደንቡ ቀላል ነው። አሠልጣኝና ልጅ ሰው በማያያቸው ቦታ ብቻቸውን አይሆኑም። አሠልጣኝ ለልጅ ለብቻዋ መልእክት አይልክም፤ ወላጅ ይካተታል። ሥልጠናውን ማየት ይፈቀድላችኋል። አሠልጣኝ ስትገለበጥ ወገቧን ወይም ጭኗን መደገፉ ሥራው ነው፤ ይህንን ለልጅቷ አስቀድማችሁ አስረዷት፣ ካልተመቻትም መናገር እንደምትችል ንገሯት። ስለ ክብደቷ ወይም ስለ ሰውነቷ ቅርጽ አስተያየት የሚሰጥ፣ ከጉዳት ጋር እንድትሠራ የሚያስገድድ፣ «ለቤት እንዳትናገሪ» የሚል አሠልጣኝ ካለ ያን ቀን አውጧት። የከፈላችሁት ገንዘብ ይቅር።

ማቆም ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ ዓመት ደክመን ልልቀቃት?

መጀመሪያ ምን እንደሰለቻት ለዩ። ከአንድ ጓደኛ ጋር ተጣልታ ነው? ከሌቭሎቹ ወደ ኤክሴል ወይም ወደ መዝናኛ ክፍል ብትዛወር ትቀጥላለች? ፈርታ ነው? ከባድ ሳምንት ላይ የተባለ «አልፈልግም» እና ለወራት የቆየ «አልፈልግም» አንድ አይደሉም። የከፈላችሁበትን ወር ወይም የውድድር ወቅቱን እንድትጨርስ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ለቡድኑም ክብር ነው።

ከዚያ በኋላም ካለች ልቀቋት። የሠራችው አይጠፋም። የጂምናስቲክ ልጆች ወደ ዳይቪንግ፣ ቺርሊዲንግ፣ ፖል ቮልት፣ ዳንስ ሲሄዱ አሠልጣኞች ደስ ብሏቸው ነው የሚቀበሏቸው፤ ጥንካሬና ተራ መጠበቅ ይዘው ነው የሚመጡት። በመጨረሻው ቀን አሠልጣኞቿን ራሷ ተሰናብታ ታመስግን፤ ድፎ ዳቦ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ክለቡ ሙሉ ይበላል።